ከክልል ውጭ የተባለው ወንድሜ

ታላቅ ወንድሜ የመጣ ዕለት ደጅ ተቀምጬ ሱፍ እፈትል ነበር። ጥምቀት አልፏል፣ ገብሱም ተወቅቶ ገብቷል። ባለቤቴ ከበጎቹ ጋር ወጥቶ ነበር። ከታች ከመንገዱ አንድ ረጅም ሰው ሲመጣ አየሁ፤ ጥቂት ይራመድና ካብ ተደግፎ ይቆማል፣ ደግሞ ይራመዳል። መንገደኛ ነው ብዬ እንዝርቴን አላስቀመጥኩም። አጥራችን ጋ ሲደርስ በስሜ ጠራኝ። ድምፁን አላወቅኩትም። ፊቱንም አላወቅኩትም። ያወቅኩት አቋቋሙን ነው። አባታችን እንደዚያ ነበር የሚቆመው፣ አንዱን ትከሻ ዝቅ አድርጎ።

«እቴ፣ እኔ ነኝ» አለኝ።

«ጋሼ?» አልኩት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ሌላ ሴት ብትሆን እልል ትል ነበር፤ ወይ ታለቅስ ነበር። እኔ ተነሳሁና ሱፉን ጠቅልዬ አስቀመጥኩ። ጉልበቱን ሳምኩት፣ አጎዛ አነጠፍኩለት፣ ጠላ ቀዳሁለት። ሆዴ ይባባል ብዬ ጠበቅኩ። አልባባም። ጠላውን ሊጠጣ ሲል ሳል ያዘው፤ ዋንጫውን ከእጁ ተቀብዬ ሳሉ እስኪያልፍለት ቆሜ አየሁት። ትከሻው በነጠላው ውስጥ ሹል ሆኖ ይታያል።

ከቤት ሲወጣ እኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም ነበር። በልጉ የቀረበት ዓመት ነው። ከሰፈራችን ጎረምሶች ጋር ቡና ለቀማ ብሎ ወደ ምዕራብ ሄደ። ሌሎቹ ሲመለሱ እሱ ቀረ። እዚያው መሬት አገኘ፣ ያገሩን ልጅ አገባ፣ ሴት ልጅ ወለደ። መጀመሪያ በሰው ሰላምታ ይልክ ነበር፤ ቆይቶ ስልክ ገባና በዓል በመጣ ቁጥር ይደውል ጀመር። ከዚያ ያ አገር ሲታመስ ስልኩ ጠፋ። ብዙ ሰው ከዚያ ተፈናቅሎ ወደኛ ዞን ሲመጣ ባለቤቴ መጠለያው ድረስ ሄዶ ጠይቋል። አየሁት የሚል አልተገኘም። እናታችን ያረፈችው በዚያው ዓመት ነው። በተዝካሯ ላይ ቄሱ የሟቾችን ስም ሲጠሩ የወንድሜንም ስም ጨምረው ጠሩ። እኔ ነኝ ይጨመር ያልኩት።

በማግስቱ ከሰዓት፣ ፀሐይ እየሞቀ ሳለ «እማዬስ?» አለኝ።

«አርፋለች።»

ራሱን ነቀነቀ። ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ባለመጠየቁ የገመተው መስሎኝ ነበር። «የት ነው የቀበራችኋት?» አለ። በእጄ ቤተ ክርስቲያኑን አሳየሁት። ዛፎቹን ሲያይ ቆየና «ስድን እሄዳለሁ» አለኝ። 

የት እንደነበረ፣ እንዴት እንደወጣ በአንድ ጊዜ አልነገረኝም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው የሰማሁት። ቤታቸው ተቃጥሏል። ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል ነው የሸሹት። ከዚያ በየከተማው ሲሚንቶ እያራገፈ፣ በየበረንዳው እያደረ ቆየ። ሳሉ ሲብስበት አገሬ ልግባ ብሎ መጣ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሰፈራችን ስትዞር ሳሉን ከደጅ ሰማችው። ገብታ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከብርዱ ነው። ደጋው አዲስ ሆኖብኝ ነው።»

«ደም ተቀላቅሎበት ያውቃል?»

እኔን አየኝ። እኔ የነጠላውን ጫፍ አጥቤለታለሁና አውቃለሁ። «አዎ» አልኳት እኔው።

ጎኑን ስትነካው ከመቀመጫው ተነሳ። ጤና ጣቢያ መሄድ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ሆስፒታል መድረስ እንዳለበት ነገረችን። መስኮቱን ክፍት አድርገን እንድናድር፣ ሲያስል አፉን እንዲሸፍን አዘዘችን። የጎረቤት ፈረስ ተዋስን። ወንድሜ ከሱፍ በተሸመነ ባና ተጠቅልሎ ፈረሱ ላይ፣ እኔና ባለቤቴ በእግር ሆነን መኪና ወደሚገኝባት ዘመሮ ከተማ ገባን። ከዚያ በመኪና ሆስፒታሉ ካለበት ከተማ ወረድን።

ካርድ ክፍል ውስጥ አንድ ወጣት ተቀምጧል። ተራችን ሲደርስ መታወቂያ ጠየቀ። ወንድሜ ከኪሱ አወጣና ሰጠው። በላስቲክ ተጠቅልሎ የነበረ ነው፤ ጠርዙ ረጥቦ ደርቋል። ወጣቱ ፊትና ኋላውን አገላብጦ አየ።

«ከክልል ውጭ ነዎት» አለ።

«የተወለድኩት እዚሁ ነው» አለ ወንድሜ። «መንዝ ነኝ።»

«መታወቂያው ላይ ያለው ነው የምጽፈው፣ አባ።»

እኔ የቤተሰባችንን የጤና መድህን ደብተር አቀረብኩ። ከፈተው፤ የእኔን፣ የባለቤቴንና የልጆቼን ፎቶ አየ። «እሳቸው እዚህ ውስጥ የሉም» አለኝ።

«ወንድሜ ነው።»

«ይገባኛል እህቴ። ግን የሉም።»

ካርዱ ላይ «ከክልል ውጭ፣ በክፍያ» ብሎ ጻፈበት። ወንድሜ ካርዱን ተቀብሎ አነበበው። ትልቅ ሰው ሆኖ በመሠረተ ትምህርት ነው ማንበብ የተማረው፤ ፊደሉን እየለየ በቀስታ ነው የሚያነበው። አንብቦ ሲጨርስ ለእኔ ሰጠኝና ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

አክታውን ሰጠ፣ ራጅ ተነሳ። ከሰዓት ሐኪሙ ጠራን። ቲቢ ነው አለ። በግራ ሳንባው ዙሪያ ውሃ ቋጥሯል፤ በጎኑ ቱቦ ገብቶ መውረድ አለበት፤ ይተኛል።

ነርሷን ስለ ክፍያው ጠየቅኳት። «የቲቢ መድኃኒቱ በነፃ ነው» አለችኝ። «ከየትም ይምጣ፣ ማንም ይሁን፣ አይከፈልበትም።»

«ታዲያ የሚከፈለው ምንድን ነው?»

«ሌላው ሁሉ» አለች።

ክፉ ሴት አልነበረችም። የጠየቅኳትን ነው የመለሰችልኝ። ቱቦው፣ ራጁ፣ አልጋው፣ ማደንዘዣው፣ የጉበት ምርመራው፣ ጓንቱ ሳይቀር ለየብቻ የሚከፈልበት ነው። ሐኪሙ ግን ክፍያውን አልጠበቀም። በዚያው ዕለት ቱቦውን አስገባለት። ቡናማ ውሃ አልጋው ሥር ወዳለው ጠርሙስ እየወረደ ሳለ ወንድሜ ጣራውን ያያል። «አመመህ?» አልኩት። «እንጃ» አለኝ። እኔም ያን ጊዜ ቢጠይቁኝ እንጃ ነበር የምለው።

የቲቢ ታማሚዎች ክፍል ከሌሎቹ ክፍሎች ተነጥሎ ከግቢው ጫፍ ላይ ነው ያለው። ብርዱ እየገባም ቢሆን መስኮቶቹ አይዘጉም። ከወንድሜ ፊት ለፊት ያለው አልጋ ላይ አንድ ሽማግሌ ተኝተው ነበር፤ ከአገራችን ገደል ሥር፣ ከቆላ የመጡ አፋር ናቸው። ጢማቸው በሂና ቀልቷል። የምታስታምማቸው ሴት ልጃቸው ናት፤ ገበያ እየወጣች ስለምትሸጥ አማርኛ ትችላለች። የእሳቸውም ካርድ ላይ «ከክልል ውጭ» ተብሎ ተጽፏል። ነርሷ መድኃኒት ስታድል ሁለቱን በአጭሩ «ከክልል ውጮቹ» ትላቸው ነበር። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ያነሳሉ፣ እንደ ስማቸው።

እሳቸውና ወንድሜ እንዴት እንደሚግባቡ እስካሁን አላውቅም። ሽማግሌው ጥቂት ኦሮምኛ ይችላሉ፤ ወንድሜ እንደ አማርኛው ነው የሚናገረው። ሁለቱም የሚያወሩት ቀስ ብለው ነው፤ ትንፋሽ የላቸውም። አንዱ ሲያስል ሌላው ዝም ብሎ ይጠብቃል።

በገበያ ቀን ከቆላ በሚወጣው አይሱዙ ለሽማግሌው በጀሪካን የግመል ወተት ይላክላቸው ነበር። ልጅቱ በኩባያ ቀድታ መጀመሪያ ለአባቷ፣ ቀጥሎ ለወንድሜ ሰጠች። ዐቢይ ጾም ገብቷል። የንስሐ አባታችን ለታመመ ሰው ወተት ይፈቀዳል ብለውኛል፤ ስለ ግመል ወተት ግን አልጠየቅኳቸውም። እኛ አገር የግመል ወተት የጠጣ ክርስቲያን አላውቅም። ወንድሜ ኩባያውን ተቀብሎ እኔን አየኝ።

«ልጠጣው?» አለኝ።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ» አልኩት።

ጠጣው። ኩባያውን በሁለት እጁ አድርጎ ለልጅቱ ሲመልስላት አንድ ቃል አላት፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ወዲህ በየገበያው ጠጥቷል። ለቤተሰቦቼም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። እንደ ኃጢአትም አልቆጠርኩት፣ እንደ ጽድቅም። በዚያን ሰሞን ነገር ሁሉ በፊቴ ያልፋል፣ እኔም አሳልፈዋለሁ።

ገንዘብ ቤት የተቀመጠችው ሴት ሦስት ጊዜ ጠርታኛለች። በዕድሜ እኔን የምታክል፣ ነጠላ ጣል ያደረገች ሴት ናት። ያለብንን ነግራኝ መውጫውን መንገድ ደግሞ ራሷ አሳየችኝ።

«እህቴ፣ ቀበሌያችሁ ድሃ ነው ብሎ ከጻፈለት በነፃ ይታከማል። ወይም በእናንተ መድህን ውስጥ ካስገባችሁት። ሁለቱም ከሌሉ እኔ ልተውልሽ አልችልም። ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቀው ከኔ ነው።»

ስለዚህ ወንድሜን ለባለቤቴ ትቼ ወደ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩን አውቃቸዋለሁ፤ አክስታቸው የክርስትና እናቴ ናቸው። ወንበር ሰጡኝ፣ ስለ ወንድሜ ጤና ጠየቁኝ። ከዚያ «መሸኛ ያምጣ» አሉኝ።

«ከየት?»

«ከነበረበት ቀበሌ። ለቋል የሚል።»

«የነበረበት እኮ ተቃጥሎበት ነው የመጣው።»

«ይገባኛል። ግን ያለ መሸኛ ብመዘግበው ሁለት ቦታ የተመዘገበ ሰው ይሆናል። ያ ደግሞ ወንጀል ነው፤ ለእሱም ለእኔም።»

«የነፃ ህክምና ወረቀቱስ?»

«የኛ ነዋሪ ሲሆን ነው እሱን የምጽፈው።»

ይህን ሲሉ ዓይን ዓይኔን አላዩኝም። ክርክር ጀምሬ ነበር፤ መሐል ላይ ግን ደከመኝና «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

ተመልሼ ለወንድሜ ነገርኩት። ስልኬን ተቀብሎ በቃሉ ከያዛቸው ቁጥሮች አንዱን ሞከረ፤ ጥሪ አይቀበልም። ሌላ ሞከረ። ሐኪሙ ትንሽ እንዲንቀሳቀስ ስለፈቀደለት ጠርሙሱን እኔ ይዤለት ደጅ ወጥተን ግንብ ላይ ተቀምጠን ነበር። አንደኛው ቁጥር ተነሳ። ወንድሜ በኦሮምኛ ማውራት ጀመረ። ቃሉን አላውቀውም፤ ግን ሌላ ሰው ሆነብኝ። ድምፁ ከፍ ይላል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ ይጠይቃል፣ ዝም ብሎ ይሰማል። እኛ ቤት ከመጣ ጀምሮ በአማርኛ እንደዚያ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ሰማ። ስልኩን መለሰልኝ።

«ማን ነው?» አልኩት።

«ጎረቤቴ የነበረ ነው።»

«ምን አለህ?»

«የለም አለኝ።»

«ማን?»

«ቀበሌው። ቢሮውም የለም፣ መዝገቡም የለም። መሸኛ የሚጽፍ የለም።» ቀጥሎም «ሚስቴ በሕይወት አለች» አለ። «ወንድሟ ጋ ናት፣ በሌላ ወረዳ። ልጃችንም አለች።»

ሁለቱን ነገር በአንድ ድምፅ ነው የነገረኝ። ደስ ይበልህ ልለው ፈልጌ «ይበርድሃል፣ እንግባ» አልኩት። ገባን።

ከዚያ በኋላ የአፋሩ ሽማግሌ የክፍያ ነገር አለቀ። ልጅቱ ወደ ቆላ ወርዳ ከወረዳቸው አንድ ሰው ይዛ መጣች። ሰውየው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ለገንዘብ ቤቷ ሴት ሰጠ፤ የሽማግሌውን ወጪ ወረዳው ይከፍላል፣ ቀሪውን መድኃኒት በአካባቢያቸው ጤና ጣቢያ ይወስዳሉ የሚል ነው። የኔ ሰው ነው የሚላቸው አገር አላቸው ማለት ነው። ሽማግሌው ተነስተው ለበሱ። የወንድሜ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው በራሳቸው ቋንቋ ተናገሩ፤ ልጅቱ ተረጎመችለት።

«ከኔ ጋር ና ይልሃል። የኔ ወንድም ነው ብዬ አስጽፍሃለሁ ይላል። ወረዳው ለሁለታችንም ይከፍላል።»

ወንድሜ ሳቀ። ጥርሱን እስኪያሳይ ድረስ ሲስቅ ከመጣ ወዲህ ያን ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። ጎኑን በእጁ ይዞ ነው የሳቀው።

«በምኔ እመስላችኋለሁ በያቸው።»

ነገረቻቸው። ሽማግሌው በጣታቸው የእሱን ደረት፣ ከዚያ የራሳቸውን ደረት ነኩ። በዚህ ማለታቸው ነው። እጅ ለእጅ ተያይዘው ሦስት ጊዜ እጃቸውን ሳሙ፣ እንደነሱ ሥርዓት። ሽማግሌው ሲወጡ ነርሷ አልጋቸውን ገፈፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ከክልል ውጩ» ስትል ወንድሜን ብቻ ነበር።

ውሃው ወርዶ አለቀ፣ ቱቦው ወጣ። ሐኪሙ ይውጣ ብሎ ጻፈ። መድኃኒቱን ሰፈራችን ካለው ጤና ኬላ በየቀኑ እየዋጠ ይጨርሳል። ነገር ግን ያልተከፈለ ሒሳብ ስላለ የመውጫ ወረቀቱ አልተሰጠንም። ወንድሜ ድኗል ተብሎ እዚያው ተኛ። መውጫ እየጠበቀ የሚተኛበት አልጋም ራሱ ይታሰባል። ጠዋት ጠዋት የግቢው በር ድረስ ይሄድና ዘበኛውን ሰላም ብሎ ይመለሳል። ዘበኛውም ወንበሩን ይለቅለት ነበር።

በዚያው ሰሞን ጓሳ፣ የመንዝ የጋራ ሣር ምድር፣ ተከፍቶ ነበር። የሚያስጠብቁት ዳኞች ከፍተው አጨዳ ሲፈቅዱ ባለቤቴ ከሰፈሩ ሰው ጋር ሄዶ ለቤታችን ክዳን የሚበቃ ሣር አምጥቶ ከምሮ ነበር። ክዳናችን አርጅቷል፤ ባለፈው ክረምት በሁለት ቦታ አፍስሷል። አንድ ጠዋት ባለቤቴ ሆስፒታል መጣና አጠገቤ ቁጭ አለ። ብዙ የማያወራ ሰው ነው።

«ሣሩን ሸጥኩት» አለኝ። «ሁለቱን ሙክቶችም።»

«ክዳኑስ?»

«ክዳኑ ይቆያል።»

ወንድሜ ሰምቷል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ባለቤቴ ጫማውን ከአልጋው ሥር አውጥቶ አጠገቡ አስቀመጠለት። «ተነስ፣ መኪናው እንዳያመልጠን» አለው። ከፈልን፣ ወጣን። ገንዘብ ቤቷ ሴት ደረሰኙን ስትሰጠኝ «እግዜር ይማረው» አለችኝ። አሜን አልኳት።

በክረምቱ ቤቱ በሦስት ቦታ አፈሰሰ። አልጋውን ወደ ምሰሶው ጠጋ አድርገን፣ ከሚያፈስበት ሥር ድስትና ባልዲ እየደቀንን አሳለፍነው።  ወንድሜ በየጠዋቱ ጤና ኬላ ይሄዳል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እያየችው መድኃኒቱን ይውጣል። አንድ ቀን ፈርቶ መጣና «ሽንቴ ቀላ» አለኝ። ሠራተኛዋን ጠየቅኳት፤ መድኃኒቱ ነው አለች። እኔም ልጆቼም ተመርምረን ነፃ ነን ተባልን፤ ለትንሿ ልጄ ብቻ መከላከያ ተሰጣት።

ቀስ በቀስ ሥጋ አወጣ። ባለቤቴን እርሻ ላይ ማገዝ ጀመረ። በሬዎቹን በኦሮምኛ ነበር የሚያዛቸው፤ ሳያስበው ነው። ባለቤቴ «የኛ በሬዎች አይሰሙህም እኮ» ሲለው ያቆማል፣ ከዚያ ረስቶ ደግሞ ይጀምራል። እህል ውሃ አልተዘጋበትም። እንቅልፍ ይተኛል። ምስጋናም ወቀሳም ከአፉ አይወጣም። እኛም ምን እናስብ እንደነበር አላውቅም። ጎረቤቶቼ «እንኳን ሞቶ ተነሳልሽ» ሲሉኝ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» እላለሁ፤ የሚባለው ያ ስለሆነ።

የመታወቂያውን ነገር ያነሳው የሰፈራችን ሰንበቴ ነው። ወሩ ደርሶ ጠበል ሊቀምሱ የተሰበሰቡ ሽማግሌዎች ነገሩን ሰሙና እኛው እንመስክር ተባባሉ። ሦስት ሽማግሌዎችና ቄሱ ወደ ቀበሌ አብረውን ሄዱ። አንደኛው ከአባታችን ጋር ዘማች የነበሩ ናቸው። ሁለተኛው ወንድሜ የተወለደበትን ቤት ቦታ አሳያለሁ አሉ። ቄሱ ሲጠየቁ ትንሽ አመነቱ።

«እኔ ክርስትና ሲነሳ አውቃለሁ» አሉ። «ኋላም በእናቱ ተዝካር ከሙታን ጋር ጠርቼዋለሁ።»

ሊቀመንበሩ ብዕራቸውን አቆሙ። «አሁን ምን ብዬ ልጻፍ አባ?»

«ክርስትናውን ጻፍ። ሁለተኛውን እኔ አስተካክለዋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ወንድሜም ፈገግ አለ። ሊቀመንበሩ ጻፉ፣ እነሱም ፈረሙ። ይሁን እንጂ ወረዳ ደርሶ እስኪመለስ ወራት ፈጀ። መታወቂያው የመጣው መስከረም ጠብቶ፣ ወንድሜ መድኃኒቱን ጨርሶ፣ የመጨረሻ አክታው ንጹሕ ነው ከተባለ በኋላ ነው። መድህን ውስጥ ላስገባው ስጠይቅ ደግሞ ምዝገባው የሚከፈተው በጥር ነው አሉኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲያ የሚከፈል ነገርም አልነበረም።

ጥር ሳይደርስ ሄደ። ገብሱ ቢጫ እየሆነ ሳለ ነው። በዚያ መካከል ከሚስቱ ጋር በስልክ ይነጋገሩ ነበር፤ ወንድሟ ባለበት ወረዳ ነገሩ ረጭ ብሏል፣ ና ብላዋለች። አንድ ማታ እራት ላይ ሳለን ነገረን።

«ብትቆይ ምን አለበት?» አለው ባለቤቴ።

«ልጄ አድጋለች» አለ ወንድሜ። «ሳታየኝ ልታገባ ነው።»

 እኔ በማግስቱ በሶ ፈጨሁለት። አንዲት ባና ሸመንንለት፤ ሱፉ የኔ ፈትል ነው፣ ሸማኔው ባለቤቴ። ዘመሮ ድረስ ሸኘሁት። መኪናው እስኪሞላ ግንድ ላይ ተቀመጥን። የሚነገር ነገር ብዙ መሆን ነበረበት።

«ደግሞ ብትታመም ትነግረኛለህ?» አልኩት።

«እነግርሻለሁ።»

«ውሸትህን ነው።»

«ውሸቴን ነው» አለ። ከዚያ «ሣሩን ሳትሸጡ ብትቀሩ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም» አለኝ። ስለዚያ ነገር የተናገረው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ረዳቱ «ግቡ፣ ግቡ» አለ፤ ተነስቶ ገባ። መኪናው ሲሄድ በመስኮት አላየኝም፤ ከመተላለፊያው በኩል ነበር ወንበሩ። ገበያ ቀን ስለነበር የያዝኩትን ፈትል ሸጬ፣ ጨውና በርበሬ ገዝቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ያገኘችኝ ጎረቤት ያኮረፍኩ መስሏት ምን ሆንሽ አለችኝ። ምንም አልሆንኩም አልኳት፤ እውነትም እንደዚያ ነበር የተሰማኝ።

የደወለው አጨዳ ላይ ሳለን ነው። ደህና ገባሁ አለኝ። ልጁ ከእሱ በቁመት በልጣለች። ሚስቱ በወንድሟ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተሰጥቷታል፤ እሱም የቀን ሥራ ይዟል። ሳል እንዳለው ጠየቅሁት፤ የለኝም አለ። ከዚያ «ሚስቴ ሰላም ልትልሽ ትፈልጋለች» ብሎ ስልኩን ሰጣት።

አማርኛ አትችልም፤ እኔም የሷን አልችልም። መጀመሪያ ትንፋሿ ይሰማኛል። ከዚያ አንድ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች፣ ቀስ ብላ፣ እንድሰማት ቃሉን እየለየች። ምን እንዳለች አላውቅም። በንግግሯ ውስጥ ሁለት ጊዜ የወንድሜን ስም ሰማሁ። ስታበቃ «ደህና ነኝ እህቴ፣ እኔም ደህና ነኝ» አልኳት። ደግማ አንድ ነገር ልትል ስትጀምር የስልኩ ሒሳብ አለቀና መስመሩ ተቋረጠ።

ባለቤቴ ማጭዱን እንደያዘ ቀና ብሎ «ምን አለች?» አለኝ።

«እንጃ» አልኩት፤ ስልኩን መቀነቴ ውስጥ ከትቼ ነዶ ወደማሰር ተመለስኩ።